ጥያቄ፦ የምሥራቅ አፍሪካ ኤሮ ክለብን ያቋቋመው «ዊልሰን» ነው እንዴ?

የናይሮቢዋ ተማሪ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ናይሮቢ ውስጥ አብራሪነት እየተማርኩ ነው። የምንነሳው ከዊልሰን አየር ማረፊያ ሲሆን የምሥራቅ አፍሪካ ኤሮ ክለብም እዚያው ነው። አስተማሪዬ ስለ ክለቡ ታሪክ የአሥር ደቂቃ ፕረዘንቴሽን እንዳቀርብ ሰጥቶኛል። የቀረኝ አራት ቀን ነው። ክለቡ አንዱ ጋ በ1927 ተቋቋመ የሚል አነበብኩ፣ ሌላው ጋ በ1929። መሥራቹ ዊልሰን የሚባል ሰውዬ ነው ያለኝም አለ። ግራ ገባኝ። የትኛው ነው ልክ? ከየትስ ልጀምር?

አንጋፋው መካኒክ፦
አይዞሽ ልጄ። ሦስት ነገር ተደባልቆብሽ ነው፤ ክለቡ፣ ኩባንያውና አየር ማረፊያው። ክለቡ የተቋቋመው በ1927 ነው። 1929 ደግሞ ዊልሰን ኤርዌይስ የተባለው አየር መንገድ የተመሠረተበት ዓመት ነው። ዊልሰንም ሰውዬ ሳትሆን ሴት ናት፤ ፍሎረንስ ኬር ዊልሰን ትባላለች። ባሏ የሞተባት ሰፋሪ ነበረች። ገንዘቡን እሷ አወጣች፣ አብራሪው ቶም ካምቤል ብላክ አብሯት ሠራ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር አውሮፕላኖቹም አብራሪዎቹም ለጦር አገልግሎት ተወሰዱ፣ ኩባንያው በዚያው አከተመ። አየር ማረፊያው ናይሮቢ ዌስት ይባል ነበር። የእሷን ስም ያገኘው በ1962 ነው፣ ኬንያ ነፃ ልትወጣ አንድ ዓመት ሲቀራት።

ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ወደኛ እየቀየርሽ እንዳትደባልቂያቸው።

የድሮ አውሮፕላን ወዳጅ፦
ጋሼ መካኒክ ዋናውን ጨርሰውታል። እኔ ስለ አጀማመርሽ ልምከርሽ። በዓመት አትጀምሪ፣ ሰሚ ይተኛብሻል። በአንድ አውሮፕላን ጀምሪ። «ሚስ ኬንያ» ትባላለች፤ ዴ ሃቪላንድ ዲኤች 51። በመርከብ ሞምባሳ የገባችው ክለቡ ከመቋቋሙ በፊት ነው። ኬንያ ውስጥ መጀመሪያ የተመዘገበችው አውሮፕላን እሷ ናት። ከዚህ ዓይነት የተሠሩት ሦስት ብቻ ናቸው፣ ዛሬ የቀረችውም እሷ ብቻ ናት። እንግሊዝ አገር ኦልድ ዋርደን በሚገኘው የሹትልዎርዝ ስብስብ ውስጥ አለች። ፎቶዋን አሳያቸው፣ ክፍሉ ሁሉ ይነቃል።

ያስመጣት ጆን ካርበሪ ነው፣ ኒዬሪ አካባቢ እርሻ የነበረው። ሚስቱ ማያም አብራሪ ነበረች፣ ሌላም ሰው ታስተምር ነበር። በ1928 ናይሮቢ ላይ ከተማሪዋ ጋር ሳለች አውሮፕላኑ ተከሰከሰና ሁለቱም ሞቱ። ክለቡ ገና አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። አንቺም እዚያው ከተማ የምትማሪ ሴት ስለሆንሽ ስሟን ብትጠሪላት ደስ ይለኛል።

አብራሪዋን ቤሪል ማርክሃምንም አትርሺ። ካምቤል ብላክ ነው ያስተማራት። በ1936 ከእንግሊዝ ተነስታ አትላንቲክን ወደ ምዕራብ ብቻዋን ተሻገረች፣ ካናዳ ኖቫ ስኮሺያ አረፈች። የበረረችበት አውሮፕላን የዚሁ የካርበሪ ነበር።

የናይሮቢዋ ተማሪ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንተም ወንድሜ። አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። እስካሁን የሰማኋቸው ስሞች ሁሉ የነጭ ናቸው። አፍሪካውያኑ የት ነበሩ?

የታሪክ አስተማሪ፦
እህቴ፣ ፕረዘንቴሽንሽ ይህን ጥያቄ ካልነካ ጎደሎ ነው የሚሆነው። ኬንያ በ1920 የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ተብላ ታወጀች። ለሙ ደጋ ለነጭ ሰፋሪዎች ተከለለ። እርሻዎቹ የተራራቁ፣ መንገዱ በዝናብ ጊዜ ጭቃ ነበር። ትንሽ አውሮፕላን ግን ሜዳ ካገኘች ታርፋለች። የበረራ ፍቅሩ እውነት ነው፤ ግን መሬትና ገንዘብ በያዘው እጅ ነበር የቆመው። ክለቡንም ያቋቋሙት እነዚሁ ሰፋሪዎች ናቸው።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። እንግሊዛዊው አዳኝና አብራሪ ዴኒስ ፊንች ሃተን በ1931 ቮይ በምትባል የኬንያ ከተማ ላይ ተከስክሶ መሞቱን ሁሉም ያወራል። አብሮት ከኪኩዩ ብሔረሰብ የሆነው አገልጋዩም ሞቷል፣ እሱን የሚያነሳው ግን ጥቂት ነው። አንቺ አንሺው።

ከእኛ አገር ጋር ማነጻጸርም ትችያለሽ። ዊልሰን ኤርዌይስ በተመሠረተበት በዚያው 1929፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 በእኛ አቆጣጠር፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ አረፈ፤ ፖቴዝ 25። ያስመጣው የንጉሥ ተፈሪ መንግሥት ነው። ብዙም ሳይቆይ አስፋው አሊ እና ሚሽካ ባቢቼፍ አብራሪ ሆኑ። አብራሪዎቹ የአገሩ ልጆች ናቸው፣ ልዩነቱን እዚህ ላይ ታዪዋለሽ።

አንጋፋው መካኒክ፦
ልጄ፣ ሞይ አቬኑ ላይ ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሂጂ። የጊዜውን ጋዜጦች ጠይቂ፣ በተለይ የ1927፣ የ1928 እና የ1931ን ኢስት አፍሪካን ስታንዳርድ። መታወቂያሽን ያዢ። ክለቡንም በደብዳቤ ጠይቂያቸው፣ በቃል ብቻ አትተማመኚ።

የናይሮቢዋ ተማሪ፦
እሺ ጋሼ። ነገ ጠዋት ቤተ መዛግብቱ ጋ ነኝ። መክፈቻዬ «ሚስ ኬንያ» ትሆናለች፣ ከእሷ ወደ ማያ፣ ከማያ ወደ ቮይ። ጋዜጣው ላይ መጀመሪያ የምፈልገው የዚያን የኪኩዩ ሰው ስም ነው።