ፓርቲዎቹ ስለ አገር ዕዳ ሲከራከሩ ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

የማተሚያ ቤት ባለቤት፣ ሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለችኝ። የሠርግ ጥሪ፣ ደረሰኝ፣ የትምህርት ቤት ፈተና አትማለሁ። ወረቀትና ቀለም የማመጣው ከመርካቶ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው አልጨበጥ ብሎኛል። ለደንበኛ የነገርኩት ዋጋ ሥራው ሳያልቅ ይቀየራል።

ምርጫው እየደረሰ ነው። አንዱ ወገን አገሪቱ በዕዳ ተዘፈቀች ይላል። ሌላው ዕዳውን ወርሰን እያቀለልነው ነው ይላል። ሁለቱም ቢሊዮን ይጠራሉ፣ እኔ ግን ከኔ ወረቀት ጋር ምን እንደሚያገናኘው አልገባኝም። እጩዎች ስብሰባ ሲጠሩ ተነስቼ መጠየቅ እፈልጋለሁ። ምን ብዬ ልጠይቅ? እባካችሁ ስድብ አታምጡ፣ የምትችሉ አስረዱኝ።

ጡረተኛ የባንክ ሠራተኛ፣ ድሬዳዋ

እህቴ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በግል ባንክ ብድር ክፍል ነው። ሰው ሊበደር ሲመጣ ከስንት ብር በፊት የምንጠይቀው ምን ልትሠራበት ነው፣ በምን ገቢ ትመልሳለህ የሚለውን ነበር። መንግሥትንም እንደዚያው ጠይቂው።

ከዩሮ ቦንዱ ልጀምር፣ መንግሥት ለውጭ ባለሀብቶች ከሸጠው የብድር ሰነድ። ኢትዮጵያ በ2007 መጀመሪያ ላይ 1 ቢሊዮን ዶላር ከውጭ ገበያ ተበደረች፣ ለአሥር ዓመት፣ በ6.625 በመቶ ወለድ። ያን ጊዜ ዶላሩ 20 ብር ገደማ ነበር። ስለዚህ ዋናው ዕዳ በብር ሲሰላ ወደ 20 ቢሊዮን ነው። ዛሬ ያው 1 ቢሊዮን ዶላር ከ150 ቢሊዮን ብር በላይ ያስፈልገዋል። አንድ ዶላር ሳይጨመርበት! ታኅሣሥ 2016 ላይ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳይከፈል ቀረ፣ አገራችንም ዕዳዋን ያልከፈለች ተብላ ተመዘገበች። መንግሥት ለዕዳ የሚፈልገው ዶላርና የወረቀት አስመጪው የሚፈልገው ዶላር ደግሞ አንድ ነው። ካንቺ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

የኛን ባቡር ተመልከቺ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲው መስመር በድሬዳዋ በኩል ያልፋል። ከቻይናው ኤግዚም ባንክ በዶላር ተበድረን ሠራነው። ተሳፋሪው ግን በብር ነው የሚከፍለው። ብድሩ በአሥር ዓመት እንዲመለስ ነበር፣ በ2010 መጨረሻ ወደ 30 ዓመት ተራዘመ። ባቡሩን እወደዋለሁ፣ ለከተማችንም ያስፈልጋል። ግን ውሉን የፈረመው ሰው መመለሻው ዶላር ከየት እንደሚመጣ ተጠይቆ መልስ መስጠት ነበረበት።

የብልጽግና ደጋፊ፣ አዲስ አበባ

ጋሼ የሚሉት እውነት ነው፣ ግን አንድ ነገር ጎድሏል። ዩሮ ቦንዱንም የባቡሩንም ብድር የወሰደው የአሁኑ መንግሥት አይደለም። የዕዳ ሽግሽግ እንዲደረግ በ2013 የጠየቀው፣ መጋቢት 2017 ላይ ከአበዳሪ አገራት ጋር 8.4 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ዕዳ ላይ በመርህ ደረጃ የተስማማው ይሄ መንግሥት ነው። ከአይኤምኤፍ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ያስፈቀደው፣ ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ መበደር ያቆመውም እሱ ነው። ብር እያተሙ በጀት መሙላት ኑሮ ውድነቱን ያባብስ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። የብር ለውጡ ሕመም አለው፣ አልክድም። ግን በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረውን ልዩነት ያስታውሱ።

ታክሲ ነጂ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ልዩነቱን እኔም አስታውሳለሁ፣ ለእናቴ በባንክ መላክ የጀመርኩት ከጠበበ በኋላ ነው። ይሄ በጎ ነው። ነገር ግን ሽግሽግ ማለት ስረዛ አይደለም፣ መክፈያው ይገፋል እንጂ ልጆቻችን ይከፍሉታል። በ1996 የተደረገልን ሌላ ነበር። ያን ጊዜ እጅግ ደሃ ለሆኑ ባለዕዳ አገራት የተዘጋጀውን መርሐ ግብር ጨርሰን ዕዳ ተሰረዘልን። ከዚያ በኋላ በመጣው ስረዛ ተጨምሮበት የውጭ ዕዳችን ከ3 ቢሊዮን ዶላር በታች ወርዶ ነበር። አሁን ከ28 ቢሊዮን በላይ ነው።

ስለ ምርጫ ካነሳን ዛምቢያን እዩ። ኅዳር 2020 በፈረንጆች ዕዳዋን መክፈል አቆመች። በቀጣዩ ነሐሴ በተደረገው ምርጫ ኢኮኖሚውና ዕዳው ዋና መከራከሪያ ሆኖ ተቃዋሚው ሂቺሌማ አሸነፉ። አዲሱ መንግሥት መዝገቡን ሲከፍት የቻይና አበዳሪዎች ዕዳ ቀድሞ ከተነገረው እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ ተገኘ። የኔ ጥያቄ ይሄ ነው፦ ብትመረጡ እያንዳንዱን የብድር ውል፣ ዋስትናውንም ጭምር፣ ለሕዝብ ይፋ ታደርጋላችሁ?

የማተሚያ ቤት ባለቤት፣ ሐዋሳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የውጭውን አሁን ገባኝ። የአገር ውስጥ ዕዳ የሚባለውስ? ያኛው ለራሳችን ስለሆነ ብዙ አያሳስብም የሚሉ አሉ።

ጡረተኛ የባንክ ሠራተኛ፣ ድሬዳዋ

እህቴ፣ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ እንዲያውም እሱ ነው። ከ2003 እስከ 2012 የግል ባንኮች አዲስ ብድር በሰጡ ቁጥር የብድሩን 27 በመቶ የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። ሰነዱ ለብዙ ጊዜ የከፈለው ወለድ 3 በመቶ ነው። እኛ ለቆጣቢ ቢያንስ 5 በመቶ እንከፍል ነበር። ክፍተቱን ማን ሞላው? ተበዳሪው ነጋዴ፣ በወለድ። እኔ ራሴ ጥሩ ሥራ ይዘው የመጡ ሰዎችን “ገንዘብ የለም” ብዬ መልሻለሁ። በ2015 ደግሞ ግዴታው በሌላ መልክ፣ ከአዲሱ ብድር 20 በመቶ ሆኖ ተመለሰ።

ንግድ ባንክንም ጨምሪበት። የመንግሥት ድርጅቶች ሊመልሱ ያልቻሉት ብድር ወደ መንግሥት ዞሮ፣ በ2017 ፓርላማው ለባንኩ እስከ 900 ቢሊዮን ብር ቦንድ እንዲወጣ አጽድቋል። ያ ገንዘብ የአስቀማጮች ነው። የመምህራን ደመወዝ፣ የገበሬ ሽያጭ፣ የዕቁብ ብር።

ለአዲስ አበባው ልጄ፦ መንግሥት በቀጥታ ከብሔራዊ ባንክ መበደር ማቆሙን እኔም እደግፋለሁ፣ ትልቅ ነገር ነው። ውርስ ነው ማለት ግን በፓርቲው ውስጥ ለቆዩት ለብዙዎቹ አይሠራም። ፓርቲው ከኢሕአዴግ ነው የተወለደው። ተቃዋሚዎቹንም አልምርም። ድጎማ እንመልሳለን፣ ደመወዝ እንጨምራለን፣ ብድር እንቀንሳለን በአንድ አፍ የሚል ካለ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ያሳየኝ። የምንሰበስበው ታክስ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 10 በመቶ አይሞላም። ከማን ሊጨምሩ ነው? ደመወዝተኛው ላይ ነው፣ አንቺ ላይ ነው፣ ወይስ እስካሁን ባልተነካው ላይ?

እኔ ብሆን ስብሰባው ላይ ሁለቱን ብቻ ነው የምጠይቀው፣ ብዙ ከጠየቅሽ በቀላሉ ያመልጣሉ። በዶላር የምትበደሩት ምን ተሽጦ ይመለሳል? ባንኮች ለመንግሥት እንዲያበድሩ የሚያስገድድ መመሪያ ዳግመኛ ታወጣላችሁ ወይስ አታወጡም? ስትመለሺ የመለሱልሽን እዚሁ ጻፊልን፣ የእጩውን ሳይሆን የፓርቲውን ስም ብቻ ጠቅሰሽ።