ኩላሊታቸው የተዳከመ አባት ወደ ወባማ አካባቢ ሊሄዱ ነው፤ ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

ጠያቂ፦ ሰሎሜ ዘባሕር ዳር
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 64 ዓመታቸው ነው። በስኳርና በደም ግፊት ምክንያት ኩላሊታቸው ተዳክሞ የማጣራት አቅሙ (eGFR የሚባለው ልኬት) ወደ 24 ወርዷል፤ ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ግን አልጀመሩም። ኢንሱሊን፣ ለደም ግፊት ኢናላፕሪል፣ እንዲሁም የሚያሸናውን ላሲክስ ይወስዳሉ። መስከረም ሲጋመስ እንደ ልማዳቸው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ካልወረድኩ ብለዋል፤ ወቅቱ ደግሞ ወባ የሚበረታበት ነው። ጎረቤቶች ስለ ወባ መድኃኒቱ «ኮአርተም ኩላሊት ይጨርሳል» ስላሏቸው፣ ቢታመሙ መድኃኒቱን አልወስድም እንዳይሉ ሰግቻለሁ። ወባ ኩላሊታቸውን ይበልጥ ይጎዳዋልን? መድኃኒቱስ ይስማማቸዋልን?

መልስ፦ ነርስ፣ የኩላሊት እጥበት ክፍል
እኅቴ፣ የሚያስፈራው መድኃኒቱ ሳይሆን ሕክምናው የዘገየ ወባ ነው። በተለይ ፋልሲፓረም የተባለው ዓይነት የያዛቸው ቀይ የደም ሕዋሳት ከጥቃቅን የደም ሥሮች ግድግዳ ጋር ስለሚጣበቁ ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፤ ሕዋሳቱ ሲፈነዱ የሚለቁት ሄሞግሎቢንም የኩላሊትን ቱቦዎች ይጎዳል። ትኩሳት፣ ላብና ትውከት ፈሳሽ ሲያሳጡ ጉዳቱ ይባባሳል። ጤነኛ ኩላሊት ከዚህ ብዙ ጊዜ ያገግማል፤ የአባትዎ ግን ተጠባባቂ አቅሙ ትንሽ በመሆኑ፣ ሌላው ሰው የሚቋቋመው ወባ እርሳቸውን ዲያሊሲስ ሊያስጀምራቸው ይችላል። የኩላሊት ሕመምተኞች ከወትሮውም የደም ማነስ ስለሚኖርባቸው ወባው የሚያስከትለው የደም መቀነስም ቶሎ ይጎዳቸዋል።

መልስ፦ ፋርማሲስት
የጎረቤቶችዎ አባባል ትክክል አይደለም። ኮአርተም ለኩላሊት ሕመምተኛ የመጠን ቅነሳ አያስፈልገውም፤ ለጽኑ ወባ በደም ሥር የሚሰጠው አርቴሱኔትም እንዲሁ ነው። መጠኑ መቀነስ ያለበት ኩዊኒን የተባለው ሌላው የወባ መድኃኒት ነው፤ የኩላሊቱ ጉዳት ከቀጠለ ሕክምናው ከተጀመረ ከ48 ሰዓት በኋላ በአንድ ሦስተኛ ይቀነሳል። ኮአርተም ከምግብ፣ በተለይም ስብ ካለው ምግብ ጋር ይወሰድ። የልብ ምትን ሊያውክ ስለሚችል በአባትዎ ደም ውስጥ ያለው የፖታሲየም መጠን ከዚያ በፊት ቢታይ መልካም ነው። ቫይቫክስ ለተባለው የወባ ዓይነት የሚጨመረው ፕሪማኪን ግን ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም የጎደለው ሰው ላይ ቀይ የደም ሕዋሳትን ስለሚያፈርስ፣ የኢንዛይሙ ምርመራ ከሚገኝበት ቦታ ቀድመው ያስመርምሯቸው።
አስቀድሞ ለመከላከል የሚወሰደውን በተመለከተ ማላሮን ለእርሳቸው አይሆንም፤ የማጣራት አቅማቸው ከ30 በታች ነውና። ዶክሲሳይክሊን የመጠን ለውጥ ሳያስፈልገው ሊታዘዝ ይችላል፤ ከጉዞው 1 ወይም 2 ቀን ቀደም ብሎ ተጀምሮ ከተመለሱ በኋላ 4 ሳምንት ይቀጥላል። ካልሲየም የሚወስዱ ከሆነ ሁለቱን በተለያየ ሰዓት እንዲወስዱ ይሁን። ትእዛዙ ከሐኪማቸው መምጣት አለበት።

መልስ፦ ከገንዳ ውኃ
እዚህ እኛ ዘንድ ትኩሳት ሲጀምር ዳይክሎፌናክ እንወጋለን፣ ውኃም በብዛት እንጠጣለን። አባትዎም እንዲሁ ቢያደርጉ ይሻላቸዋል። አጎበርም ይያዙ፤ አጫጆቹ የሚያድሩት ደጅ ነው።

መልስ፦ ነርስ፣ የኩላሊት እጥበት ክፍል
ወንድሜ፣ ስለ አጎበሩ ያሉት ተገቢ ነው፤ የቀረውን ግን ለእርሳቸው አልመክርም። ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ፤ ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። ውኃውም ቢሆን በልክ ነው፤ ሽንቱ የቀነሰ ሰው ያለ ልክ ቢጠጣ ወይም ግሉኮስ ቢሰቀልለት ሳንባው ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ዲያሊሲስ ላይ ላሉ ሕመምተኞች ይህ ይበልጥ አደገኛ ነው።

መልስ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ
ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለምና ከምርመራ በፊት መድኃኒት አይጀመር። ወባ የታከመ ሰው ፈጣን ምርመራው ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሆኖ ሊቆይ ስለሚችል፣ ትኩሳቱ ከተመለሰ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ይጠይቁ። የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳየው ክሬቲኒን የተባለው የደም ምርመራ በዚያው ቀን ይሠራ፤ የዛሬው ውጤት የሚነጻጸርበት የቀድሞ ቁጥር ከሌለ ግን ሐኪሙ አዲሱን ጉዳት ከነባሩ መለየት ይቸገራል። ስለዚህ የቅርብ ጊዜ ውጤታቸውን በወረቀት ይያዙ።

ጠያቂ፦ ሰሎሜ ዘባሕር ዳር
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የኮአርተሙን ነገር ለአባቴ አንብቤላቸዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ቢያስመልሳቸው የዘወትር መድኃኒታቸውን ይቀጥላሉ?

መልስ፦ ፋርማሲስት
ይህ ከመሄዳቸው በፊት ከሐኪማቸው ጋር መወሰን ያለበት ነው። እያስመለሰ ወይም እያስቀመጠ ፈሳሽ በሚጎድልባቸው ቀናት ኢናላፕሪልና ላሲክስ ኩላሊቱን ስለሚጎዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለጊዜው እንዲቋረጡ ይደረጋል። ኢንሱሊኑ ግን በራስ ውሳኔ አይቋረጥ። የደከመ ኩላሊት ኢንሱሊንን ቶሎ አያስወግድም፤ ወባውና ኩዊኒንም ስኳር ያወርዳሉ፤ ስለዚህ መለኪያውን ይዘው ይሂዱ፣ በታመሙ ጊዜም ደጋግመው ይለኩ። ሽንታቸው ከቀነሰ ወይም እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ መተንፈስ ከከበዳቸው፣ ወይም ንግግራቸው ከተምታታ፣ ጤና ጣቢያው በዚያው ዕለት ወደ ጎንደር ሪፈር እንዲጽፍላቸው ይጠይቁ።