ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን አለ፣ ኑዛዜው ዛሬ ማለቅ አለበት፤ እርዱን!

የጉለሌ ልጅ (ጠያቂ)፦ ወገኖች፣ አባታችን ነገ ጠዋት ኦፕራሲዮን ይገባል። «ኑዛዜዬን ሳልፈርም አልገባም» ብሏል። እሱ እየነገራት እህቴ ኮምፒውተር ላይ ጽፋ አሳትማለች። ሁለት ጎረቤቶች ለምስክርነት እየመጡ ነው። ይበቃል?

ንግሥት፦ እግዜር ይማርላችሁ። ግን የታመመ ሰው ፊት እንዴት ኑዛዜ ይነሳል? ተስፋ ታስቆርጡታላችሁ።

የጉለሌ ልጅ፦ እኛ አላነሳንም እህቴ፣ ራሱ ነው የጠየቀው።

ጡረተኛው መምህር፦ የሁላችንም ችግር ይሄ ነው። ኑዛዜ በጤና ነው የሚጻፍ። ሐሳብ ቢቀየር ይሻራል፣ እንደገና ይጻፋል። እኔ ጡረታ እንደወጣሁ በእጄ ጽፌ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ።

አራዳው፦ አራት ምስክር! አራት!

ሕግ አዋቂ፦ አራዳው ልክ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 881ን እዩ። ሌላ ሰው የጻፈው ኑዛዜ አባታችሁና አራቱ ምስክሮች ባሉበት ይነበባል። መነበቡና ቀኑ እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፋል። ወዲያው ሁሉም ይፈርማሉ። ይህቺን «ተነበበ» የምትል ነገር አትዝለሏት፣ አለመኖሯ ኑዛዜ ያፈርሳል። ውርስ የሚደርሰው ሰው ምስክር አይሁን።

ሰላም፦ በቃሉ ሲናገር በስልክ ብትቀርጹትስ?

ሕግ አዋቂ፦ ለቤት አይሆንም። የቃል ኑዛዜ ለቀብር ሥርዓት፣ ለልጆች አሳዳሪና ከ500 ብር ላልበለጠ ስጦታ ነው። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው።

አራዳው፦ በዛሬ ገበያ 500 ብር የምስክሮቹን ምሳ አይችልም! ለማንኛውም አራት ይሁኑ።

የጉለሌ ልጅ፦ ሁለት ሰው ጨመርን። ቤቱን ለትንሿ እህታችን ሰጥቷል። ታላቅ ወንድማችንን ግን «ከውርሴ ነቅዬዋለሁ» ነው የሚለው። እናታችን ደግሞ በሕይወት አለች፣ አብራ ትፈርም?

ሕግ አዋቂ፦ ዋናው ነገር እኮ ይሄ ነበር! ቤቱ በትዳር የተፈራ ከሆነ ግማሹ የእናታችሁ ነው። እሱ የሚናዘዘው በራሱ ድርሻ ብቻ ነው። አንድ ወረቀት ላይ አብረው ከተናዘዙ ኑዛዜው ፈራሽ ነው። ልጅ መንቀልም ምክንያቱ በግልጽ ካልተጻፈ አይጸናም። እባካችሁ፣ ወንድማችሁን በዚህ ጭንቀት መሀል ለመንቀል አትቸኩሉ። ስለ ቤቱ ያለውን ዛሬ ጨርሱ፣ የወንድማችሁን ነገር ሲያገግም ረጋ ብሎ ያስብበት።

የጉለሌ ልጅ፦ ነርሷ ውጡ እያለችን ነው። መጣሁ።

ጡረተኛው መምህር፦ የእኔ የመሳቢያውስ? ምስክር የለውም።

ሕግ አዋቂ፦ ሙሉ በሙሉ በእጅዎ ከጻፉት፣ ኑዛዜ መሆኑን ከገለጹና በየገጹ ቀንና ፊርማ ካለው ምስክር አያስፈልገውም ጋሼ። ግን በ7 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። መቼ ነው የጻፉት?

ንግሥት፦ የጉለሌ ልጅ፣ አባታችሁ እንዴት ሆኑ?