ለአሮጌ ፒክአፕ የኋላ ዲፍረንሻል የትኛው ዘይት ይስማማል?

ጥያቄ

ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለች ፒክአፕ አለችኝ። ስረከባት የመመሪያ መጽሐፏ አብሯት ስላልነበረ የኋላ ዲፍረንሻሏ (የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የማርሽ ቤት) ዘይት መቼ እንደተቀየረም ሆነ ምን ዓይነት እንደሆነ አላውቅም። በቅርቡ ከዲፍረንሻሉ ፊት፣ ካርዳኑ (ኃይል የሚያመጣለት ረጅም ዘንግ) በሚታሰርበት በኩል፣ ዘይት ማዠት ጀምሯል። በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ስነዳ ደግሞ ነዳጅ ስሰጣት ብቻ የሚሰማ፣ እግሬን ሳነሳ የሚጠፋ ቀጭን የዋይታ ድምፅ አለ። ለካምቢዮ (ለማርሽ ሳጥኑ) ገዝቼው የተረፈኝ፣ የውፍረት ቁጥሩ 80ደብሊው-90፣ ደረጃው ጂኤል-4 የሆነ ዘይት በእጄ ይገኛል። አንድ ወዳጄ ግን «140 ቁጥር ወፍራም ዘይት አድርግበት፤ ድምፁም ማዠቱም ያቆማል» ብሎኛል። ያለኝን ዘይት ልጠቀም ወይስ ምክሩን ልከተል? ከሁለቱ የተለየ ምርጫ ካለም ምክንያቱን ጭምር ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያ መልስ

ያለዎትን ዘይት ለካምቢዮው ያቆዩት፤ ለኋላው ዲፍረንሻል አይሆንም። የእነዚህ አሮጌ ፒክአፖች የኋላ ዲፍረንሻል አብዛኛውን ጊዜ ሃይፖይድ የሚባለው ዓይነት ነው። የፒኞኑ (የትንሹ አሽከርካሪ ጥርስ) ዘንግ ከኮሮናው (ከትልቁ ጥርሳም ቀለበት) መሐል ለመሐል ሳይሆን ዝቅ ብሎ ስለሚገባ ጥርሶቹ እርስ በርስ የሚንከባለሉ ብቻ ሳይሆኑ በከባድ ጫና ሥር እየተፋተጉ የሚንሸራተቱም ናቸው። ጫናው ሲበረታ ዘይቱ ከጥርሶቹ መካከል ተጨምቆ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ብረቱን ከብረት የሚያድነው በዘይቱ ውስጥ ያለው የድኝና የፎስፈረስ ቅመም ነው። ጥርሱ በሚግልበት ቦታ ላይ ቅመሙ ከብረቱ ገጽ ጋር ተዋህዶ ስስ መከላከያ ይሠራል። የማርሽ ዘይት ሲከፈት አፍንጫ የሚመታው ያ የድኝ ሽታም ከዚሁ ቅመም የሚመጣ ነው። ጂኤል-5 የሚለው ደረጃ ይህ ቅመም በብዛት ያለበትን ዘይት ሲያመለክት፣ ጂኤል-4 ያነሰ መጠን ስለያዘ ለሃይፖይድ ጥርስ አይበቃም።

በተቃራኒው ጂኤል-5 ዘይትን «የተሻለ ነው» በሚል አሮጌ ካምቢዮ ውስጥ መጨመርም ስሕተት ነው፤ አንዳንዶቹ የካምቢዮውን የነሐስ ቀለበቶች ይበላሉ። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ቆርቆሮዎች ሊኖሩዎት ይገባል።

ውፍረቱን በተመለከተ ለመደበኛ አነዳድ 80ደብሊው-90 ጂኤል-5 ጥሩ ምርጫ ነው፤ ብርድ በሚበረታበት ቦታ ደግሞ 75ደብሊው-90 ቶሎ ይፈሳል። የማርሽ ዘይት ቁጥር ከሞተር ዘይት ቁጥር ጋር አይነጻጸርም፤ 90 የሚባለው የማርሽ ዘይት ሲሞቅ ያለው ውፍረት ከ40 ወይም ከ50 ቁጥር የሞተር ዘይት ጋር ይቀራረባል።

ሁለተኛ መልስ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ወፍራሙ ዘይት ሙሉ በሙሉ እንዲወገዝ አልፈልግም። በሞቃት አካባቢ ከባድ ጭነት እየያዘ ረጅም ዳገት ለሚወጣ መኪና 85ደብሊው-140 ጂኤል-5 ተገቢ ዘይት ነው፤ እኔም ለዚህ ዓይነት ሥራ ለዓመታት ተጠቅሜበታለሁ። የምቃወመው ለሕመም መሸፈኛ ሲሆን ነው። ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚሰማ ዋይታ የኮሮናና የፒኞን ጥርሶች መበላታቸውን ወይም የፒኞኑ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ተሸካሚ) መላላቱን ሊያመለክት ይችላል። ወፍራም ዘይት ድምፁን ለጥቂት ጊዜ ያደበዝዘዋል እንጂ የላላውን አያጠብቅም፤ መበላቱ ግን ይቀጥላል።

ዘይት ከመግዛትዎ በፊት መኪናዋ በደልዳላ ቦታ፣ ሞተሯ ጠፍቶና ጎማዎቿ ታግደው ሳለች ከሥር ይግቡና ካርዳኑ ከዲፍረንሻሉ ጋር የሚታሰርበትን ሳህን በሁለት እጅ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይነቅንቁት። ከመዞር በቀር ምንም መወላወል ሊኖረው አይገባም። ከተወላወለ ማዠቱም ከዚያው የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ኩሽኔታው ሳይስተካከል ፓራሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን የላስቲክ ቀለበት) ብቻ መቀየር ገንዘብን ማባከን ነው። ካልተወላወለ የዲፍረንሻሉን መተንፈሻ ይመልከቱ። በጭቃ ከተደፈነ ዘይቱ ሲሞቅ የሚፈጠረው ግፊት መውጫ ስለሚያጣ በፓራሊዮው በኩል ይገፋል። የኋላ ጎማዎቹንም አይርሱ፤ ዘይቱ ወደ ፍሬኑ ታምቡር ከዘለቀ ጉዳዩ የዘይት ምርጫ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሦስተኛ መልስ

እስካሁን ያልተነሳ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ዲፍረንሻሉ ተራ ነው ወይስ የጎማዎቹን የዙር ልዩነት በፍሪሲዮን (በሚፋተጉ) ሳህኖች የሚገድበው ዓይነት (ሊሚትድ ስሊፕ) ነው የሚለው ነው። ለሁለተኛው ለእሱ ተብሎ የተዘጋጀ ዘይት ወይም የሚቀላቀል ልዩ ቅመም ያስፈልገዋል፤ ያለዚያ መታጠፊያ ላይ ይንገጫገጫል። ለመለየት የፊት ጎማዎቹን አግደው፣ ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች አንስተው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ያሳርፏቸው፤ ከዚያ ማርሹንም የእጅ ፍሬኑንም ለቀው አንዱን ጎማ በእጅዎ ያዙሩ። ሌላኛው በተቃራኒው ከዞረ ተራ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ አብሮ ከዞረ ግን ልዩነት የሚገድበው ዓይነት መሆኑን ይጠርጥሩ።

ዘይቱን ሲያፈሱ ከሁሉ በፊት የላይኛውን የማስገቢያ ቡሎን ይፍቱ። የታችኛውን አስቀድመው አፍስሰው የላይኛው ዝጎ እምቢ ቢልዎ መኪናዋ ያለ ዘይት ትቀራለች።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ የተባለውን በቅደም ተከተል ፈጸምኩ። ሳህኑ አልተወላወለም፤ አንዱን ጎማ ሳዞር ሌላው በተቃራኒው ስለዞረ ዲፍረንሻሉ ተራ ነው። መተንፈሻው በደረቀ ጭቃ ድፍን ብሎ ስላገኘሁት ፈትቼ በነጭ ጋዝ አጠብኩት። የማስገቢያው ቡሎን ለመፈታት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፤ ዝገት ማለስለሻ እየነፋሁና እየጠበቅሁ በመጨረሻ ተላቀቀ።

ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድቼ ካሞቅሁት በኋላ ያፈሰስኩት ዘይት ጥቁር ቢሆንም ወተት የመሰለ ነገር ስላልነበረው ውኃ አልገባበትም ብዬ አምናለሁ። በማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ ግራጫ ጭቃ የመሰለ ደቃቅ ብናኝ ነበር፤ በጣቶቼ መካከል አሽቼ ስፈትሸው የሚቆረቁር ስባሪ አላገኘሁበትም። የደነገጥኩት በዘይቱ መጠን ነው፤ አሮጌው ዘይት 1 ሊትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ አዲሱ 80ደብሊው-90 ጂኤል-5 ግን ከማስገቢያው ቀዳዳ ከንፈር ተርፎ እስኪንጠባጠብ ድረስ 2 ሊትር ከሩብ ገደማ ወስዷል። ለካስ ከግማሽ በታች በሆነ ዘይት ስነዳ ነበር። ዋይታው ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። ፓራሊዮውን በሚቀጥለው ሳምንት አስቀይራለሁ፤ እስከዚያ ድረስ በየሁለት ቀኑ ቡሎኑን ፈትቼ ጣቴን በማጠፍ የዘይቱን ከፍታ እለካለሁ።