የሮታሪ ሞተር ታይሚንግ (እሳቱ የሚለኮስበትን ሰዓት) የነካ ሰው አለ? ፑሌጃው ላይ ሁለት ምልክት አለ

የከዚራ_ልጅ፦
ሰላም ጀመዓ። አጎቴ ድሮ በጅቡቲ በኩል ያስገባት ማዝዳ አርኤክስ 7 አለች፣ በፈረንጅ 1983 ሞዴል፣ ሞተሯ 12ኤ የሚሉት ሮታሪ ነው፣ ፒስተን የለ ቫልቭ የለ፣ ሮተር የሚባሉ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ብረቶች ናቸው ውስጡ የሚዞሩት። ስንት ዓመት ግቢ ውስጥ ዶሮ ሲያድርባት ኖራ ዘንድሮ አስነሳኋት። ካርቦሬተር አጠብኩ፣ 4ቱንም ካንዴላ ቀየርኩ፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር አውጥቼ አጽድቼ መለስኩት፣ መዘዙ የመጣው ከዛ በኋላ ነው። ትነሳለች ግን ጉልበት የሚባል የላትም። ባለፈው እሁድ ወደ ሐረር ልወጣ ብዬ የደንገጎን ዳገት ግማሽ ሳልደርስ በአንደኛ ማርሽ እየተጎተተች፣ ማርሚታው ፓ! ፓ! እያለ፣ ወርጄ ኮፈኑን ስከፍት ጭስ ማውጫው ከሞተሩ የሚነሳበት ጋ ፍም መስሏል። የሰፈራችን መካኒክ እጁ ወርቅ ነው ግን እድሜውን የጨረሰው በፔጆና በቶዮታ ነው፣ የታይሚንግ መብራት (ካንዴላው በተኮሰ ቁጥር ብልጭ የሚለውን) አብርቶ ሲያይ ፑሌጃው ላይ፣ ሞተሩ ፊት ቀበቶ የሚያዞረው ክብ ብረት ላይ ማለቴ ነው፣ ሁለት ቦታ ተቆርጧል፣ የቱ ነው ቢለኝ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ቀለሙም ለቋል። አንዱን መርጦ አሰረው። ደሞ መብራቱ ላይ ያለው ቁጥር ሚኒሞዋን (ቤንዚን ሳትረግጥ የምትዞረውን) በደቂቃ 1500 ዙር ይላል፣ የመኪናው መጽሐፍ 750 አድርግ ይላል፣ ወደዛ ሳወርዳት ድፍት ትላለች። ታይሚንግ ነው ካርቦሬተር? ኧረ አቦ እርዱኝ

ባለ_404፦
እኛ ሐረር ውስጥ በፔጆ 404 ታክሲ ስንት ዘመን ስንሰራ መብራት ምናምን አናውቅም። ዲስትሪቢዩተሩን ላላ አድርግ፣ ሞተሩ እየሰራ ቀስ እያልክ ወደፊት አዙረው፣ ዳገት ላይ ነድተህ ማንኳኳት ሲጀምር ትንሽ መልሰህ እሰር፣ አለቀ። በዛ ላይ ድሬ 1,200 ሜትር ናት ሐረር 1,900 ትጠጋለች፣ ከፍታው ራሱ ጉልበት ይበላል፣ መኪናህን አትውቀስ

ሳቢያን_ኤሌክትሪክ፦
@ባለ_404 ወንድሜ ለፔጆህ ልክ ነህ፣ ግን ይሄን ምክር ሮታሪ ላይ እንዳትሰጥ በናትህ። 404 ሲያንኳኳ ሰምተህ ትመልሰዋለህ፣ ሮታሪ ግን አንኳኳ ማለት የሮተሩ ጫፍ ላይ ያሉት አፔክስ ሲል የሚባሉት ስስ ብረቶች ሊሰበሩ ነው ማለት ነው፣ እንደ ፒስተን ፋሻ በላቸው፣ ያ ከተሰበረ ሞተር ማውረድ ነው፣ እቃውን ደሞ ታይዋን ገበያ ሄደህ አታገኘውም። ከፍታውም ቢሆን ትንሽ ያደክማታል እንጂ ብረት ፍም አያደርግም። ጭስ ማውጫ የሚቀላው እሳቱ ዘግይቶ ሲለኮስ ነው፣ ነዳጁ ውስጥ ነዶ መጨረስ ሲገባው እየነደደ ይወጣል፣ ፓ ፓ የሚለውም እሱ ነው።

@የከዚራ_ልጅ እንደሚመስለኝ መካኒክህ የተሳሳተውን ምልክት ነው የያዘው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ አንድ ሮተር ሁለት ካንዴላ አለው፣ ምክንያቱም የሚነድበት ቦታ እንደ ፒስተን ክብ ሳይሆን ረጅምና ስስ ነው፣ በአንድ ካንዴላ ቶሎ አይዳረስም። የታችኛው ሊዲንግ ይባላል፣ ዋናውን ስራ የሚሰራው እሱ ነው፣ የላይኛው ትሬሊንግ ነው፣ ቆይቶ የተረፈውን ያቃጥላል። የትሬሊንግን ገመድ ብትነቅለው እንኳን ሞተሩ ይሰራል። ለዚህ ነው ምልክቱ ሁለት የሆነው፣ ቢጫው የሊዲንግ ነው፣ ዜሮ ማለትም ቲዲሲ፣ የሚነድበት ቦታ በጣም የሚጠብበት ነጥብ፣ ቀዩ የትሬሊንግ ነው፣ ከቲዲሲ 20 ዲግሪ ካለፈ በኋላ። ሊዲንጉን ቀዩ ላይ ካሰርከው 20 ዲግሪ ዘገየ ማለት ነው፣ ደንገጎን በዛ ልትወጣ? ቀለሙ ቢለቅም ችግር የለውም፣ የፑሌጃውን ብሎን በቁልፍ ይዘህ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ በእጅህ አዙር፣ መጀመሪያ ሞተሩ ላይ የተተከለችው ጠቋሚ ፒን ጋ የሚደርሰው ዜሮው ነው፣ ተከትሎ የሚመጣው የትሬሊንግ። ሁለቱን በነጭና በቀይ ቀለም ቀባቸው፣ የጥፍር ቀለምም ይሆናል፣ እኔ የሚስቴን ነው የምሰርቀው።

ከዛ ሞተሩን በደንብ አሙቀው፣ መብራቱን የፊተኛው ሮተር የታችኛው ካንዴላ ገመድ ላይ ቆንጥጠህ ዲስትሪቢዩተሩን እያዞርክ ዜሮው ፒኗ ትክክል እስኪመጣ፣ እሰር። ቀጥሎ የዛኑ ሮተር የላይኛውን ገመድ ያዝና ሁለተኛውን ምልክት እይ፣ ካልገጠመ ግን ዲስትሪቢዩተሩን እንዳትነካ!! የትሬሊንጉን ቫኪዩም ክብ ቆርቆሮ የያዙትን ብሎኖች ላላ አድርገህ እሱን ወደ ውስጥ ወይ ወደ ውጭ ታንቀሳቅሰዋለህ። ሁልጊዜ ሊዲንግ ይቀድማል፣ ዲስትሪቢዩተሩን ስታዞር ሁለቱም አብረው ስለሚሄዱ።

1500ው ደሞ ውሸት ነው። መብራቱ የሚያስበው እንደ ተራ ሞተር አንድ ካንዴላ በሁለት ዙር አንዴ ነው የሚተኩሰው ብሎ ነው፣ ሮታሪ ላይ ግን በየዙሩ ይተኩሳል፣ ስለዚህ እጥፍ ያነብልሃል። 1500 ሲልህ 750 ላይ ነህ ማለት ነው፣ አንተ ግን ወደ 375 ልታወርዳት ነው የታገልከው፣ ለምን አትጠፋ! መብራትህ ዲግሪ የሚቀየርበት ጉጥ ካለውም ዜሮ ላይ ተወው፣ እሱም በዚሁ ምክንያት ያሳስትሃል

ደቻቱ99፦
ወላሂ ሮታሪ ድሬ ውስጥ አለ ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር መርቅኗል እለው ነበር። ፎቶ ለጥፍ እንጂ። ዘይት ትጠጣለች አይደል? አንዱ ጅቡቲ ያለ ዘመዴ ነግሮኛል

ሳቢያን_ኤሌክትሪክ፦
ትጠጣለች፣ ሲሰሯትም እንዲሁ ነው። ለነዛ ጫፍ ብረቶች ማለስለሻ እንዲሆን ፓምፗ ትንሽ ትንሽ ዘይት ወደ ውስጥ ትልካለች። ዘይት ጠጣች ብሎ ያቺን ፓምፕ የሚዘጋ መካኒክ ካጋጠመህ መኪናህን ይዘህ ሩጥ

የከዚራ_ልጅ፦
ጋሼ እጅህ ይባረክ!! ዛሬ ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ መካኒኩን ጠርቼ እንዳልከው በእጅ አዞርን፣ እውነትም ኋላ የሚመጣውን ነው ይዞ የነበረው። ጎበዙ ራሱ ሳቀ፣ "እኔ 404 መስላኝ" አለ። ሊዲንጉ ዜሮ ላይ ገባ፣ ሚኒሞዋን መብራቱ 1500 ሲል ተውኳት፣ ድምጿ ሌላ ሆነ፣ እስከ ሳቢያን ሰፈር ነድቻት ተመለስኩ፣ ፓ ፓ የለም፣ ቱቦውም አልቀላም። ትሬሊንጉ ግን 20 ሳይሆን ወደ 25 አካባቢ ነው የቀረው መሰለኝ፣ የቫኪዩሙ አንዱ ብሎን ዝጎ እምቢ አለ፣ አናቱም እየተላጠ ነው። በዚህ ደንገጎን ብወጣ ምን ይላል?

ሳቢያን_ኤሌክትሪክ፦
አምስት ዲግሪ የዘገየ ትሬሊንግ ሞተር አይሰብርም፣ ቢቀድም ነበር የምፈራልህ። ብሎኑ ላይ ዘይት አፍስስበትና ማታውን ይደር፣ ነገ አናቱን ቀስ ብለህ በመዶሻ ነካ ነካ አድርገህ ሞክር፣ በጉልበት እንዳትለው፣ ቤቱ አልሙኒየም ነው። ከመውጣትህ በፊት ግን ራዲያተሩን እይ፣ ሮታሪ ሙቀት አይችልም፣ አንዴ ከፈላች ውሃውን የሚይዘው ሲሏ ይሄዳል። የሙቀት መርፌዋ ከመሃል ከፍ ካለች ጥግ ያዝ

ባለ_404፦
ሐረር ከደረስክ ፈረስ መጋላ ቁም፣ ድምጿን ልስማ። ማንኳኳት ባታሰማም