ባልታጠቀች አውሮፕላን እግረኛውን ስለታደጉት የግንባር አየር ተቆጣጣሪዎች

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ስለ ቬትናም ጦርነት ሳነብ ደጋግሞ የሚገጥመኝ አንድ የሙያ ዘርፍ አለ፤ ይኸውም በትንሽ አውሮፕላን ከጦር ሜዳው በላይ ዝቅ ብሎ እየበረረ ተዋጊ ጄቶችን ወደ ዒላማቸው የሚመራው የግንባር አየር ተቆጣጣሪ ነው። ከእነዚህ መኮንኖች መካከል ሜዳል ኦፍ ኦነር የተባለውን የአሜሪካ ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን ያገኙ እንዳሉ አውቃለሁ። ነገር ግን ቦምቡን የሚጥለው ሌላ፣ መሬት ላይ የሚዋደቀውም ሌላ ሆኖ ሳለ፣ በመካከል ሆኖ በሬዲዮ የሚነጋገረው ሰው ጀግንነቱ የቱ ላይ ነው? የምጠይቀው ሥራቸውን ለማሳነስ ሳይሆን በትክክል ለመረዳት ፈልጌ ነውና፣ የምታውቁ በዝርዝር ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ 1፦

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ሆኖም በመጀመሪያ ሥራውን ራሱን ማየት ያስፈልጋል። በደቡብ ቬትናም ለዚህ ተግባር በብዛት የዋለችው ኦ-1 በርድ ዶግ ባለ አንድ ሞተር፣ ጥይት የሚመክት ብረት ያልለበሰች፣ መትረየስ ያልተጠመደባት፣ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትጓዝ ቀላል አውሮፕላን ነበረች። በክንፎቿ ሥር የምትሸከማቸው ጥቂት ሮኬቶችም ነጭ ጭስ የሚያወጣ ፎስፎረስ የያዙና ዒላማን ለማመልከት የታሰቡ ናቸው። አብራሪው በአንዱ ሬዲዮ ከእግረኛው፣ በሌላው ከጄቶቹ ጋር እየተነጋገረ፣ የሚነገረውን በቅባት እርሳስ በመስኮቱ መስታወት ላይ ይጽፋል፤ በዚያው ቅጽበት አውሮፕላኗን ያበራል፣ ከሥሩ ያለውንም መሬት ይቃኛል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረብ አድርጌ ላሳይዎ። እግረኛው ያለበትን ቦታ ለማሳወቅ ባለ ቀለም ጭስ ሲለቅ የጭሱን ቀለም አስቀድሞ በሬዲዮ አይናገርም። ያየውን ቀለም የሚናገረው አብራሪው ነው፤ እግረኛው ደግሞ ያረጋግጣል። ጠላት ሬዲዮውን ሊያዳምጥ ስለሚችል፣ «ቢጫ ለቀናል» ቢባል ከወዲያኛው ወገንም ቢጫ ጭስ ሊነሣ ይችላልና። ጄቶቹ የሚገቡበትን አቅጣጫም የሚወስነው እርሱ ነው፤ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ የተለቀቀ ቦምብ ወገን ላይ እንዳይወድቅ፣ በተቻለ መጠን በወገን አናት ላይ ሳይሆን ከወገን መስመር ጎን ለጎን እንዲያልፉ ያደርጋል። የጄት አብራሪ ከታች ያለውን የሚያየው ለጥቂት ሰከንዶች ስለሆነ፣ ሁለቱ ወገኖች እጅግ በተቀራረቡ ጊዜ የወታደሮቹ ሕይወት የሚያርፈው በተቆጣጣሪው ዓይንና ቃል ላይ ነው። ለማየት ደግሞ ዝቅና ዘገም ብሎ መብረር አለበት፤ ዝቅ ካለ በተራ ጠመንጃም ይመታል። እንደ እኔ እምነት ጀግንነቱ የሚጀምረው ማንም ኒሻን ከማይሰጥበት ከዚህ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።

መልስ 2፦

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ የሻምበል ሂልያርድ ዊልባንክስን ታሪክ ልጨምርበት። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1967 ዊልባንክስ በዳላት አካባቢ፣ ዲ ሊን በምትባለው ቦታ አቅራቢያ፣ ወደፊት ይገፋ ለነበረ የደቡብ ቬትናም የሬንጀር (በልዩ ሁኔታ የሠለጠነ እግረኛ) ሻለቃ በበርድ ዶግ ቅኝት እያደረገ ነበር። በቁጥር የሚበልጥ የቬትኮንግ (የደቡብ ቬትናምን መንግሥት የሚወጉ ኮሙኒስት ተዋጊዎች) ጦር በኮረብታው ላይ በሚገባ ተሸሽጎ ደፈጣ ይዞ ሲጠባበቅ ያየው እርሱ ነው። ደፈጣው እንደተነቃበት የተረዳው ጠላት በትንሿ አውሮፕላን ላይ ያለ የሌለ መሣሪያውን አዞረ፤ ወዲያውም በተኩስ ታፍኖ መንቀሳቀስ ወዳቃተው የሬንጀሩ ግንባር ቀደም ክፍል መገስገስ ጀመረ።

ተዋጊ ጄቶች በጊዜ እንደማይደርሱ ዊልባንክስ ያውቅ ነበር። በዚያች ሰዓት ከፍ ብሎ እየዞረ እርዳታ ቢጠባበቅ የሚወቅሰው አልነበረም። እርሱ ግን በዛፎቹ ጫፍ ልክ ዝቅ ብሎ፣ አውሮፕላኗን ብቻውን እያበረረ፣ ኤም-16 ጠመንጃውን በጎን መስኮት አውጥቶ በሚገሰግሰው ጦር ላይ እየተኮሰ ደጋግሞ ተመላለሰ። ሬንጀሮቹ በዚህ መካከል ወደኋላ ማፈግፈግ ቻሉ። በመጨረሻው ምልልስ ክፉኛ ቆሰለ፤ በጥይት የተበሳሳችው አውሮፕላኑም በሁለቱ ጦሮች መካከል ወደቀች። ከስብርባሪው በሕይወት ቢወጣም በሄሊኮፕተር ወደ ሕክምና ሲወሰድ በመንገድ ላይ ሕይወቱ አለፈ። ዕድሜው 33 ዓመት ነበር።

ጠያቂው በድጋሚ፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል፤ ከምትንቀሳቀስ አውሮፕላን በጠመንጃ መተኮስ ለዚያ ሁሉ ጦር ምን ያህል ያስፈራል?

መልስ 3፦

ለኒሻኑ የተጻፈው ማብራሪያ ጠመንጃው ብዙ ጉዳት እንዳደረሰ ይመሰክራል፤ ነገር ግን ከሱ አስከትሎ የሚጠቅሰው ምክንያት ይበልጥ የሚመዝን ይመስለኛል። ዊልባንክስ ዝቅ ብሎ የተመላለሰው የጠላትን ተኩስ ከሬንጀሮቹ ላይ አንሥቶ ወደ ራሱ ለመሳብ ነው። አውሮፕላኗን በሚመቱበት ጊዜ እግረኛውን አይመቱም። ስለዚህ ጥያቄው ጠመንጃው ስንት ሰው ጣለ ሳይሆን፣ ሬንጀሮቹ ስንት ደቂቃ አገኙ መሆን ይገባዋል።

ሌላው በአእምሮዬ የሚመላለሰው ሻምበል ስቲቨን ቤኔት ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 1972 በኳንግ ትሪ አካባቢ፣ መትረየስ በታጠቀች ኦቪ-10 ብሮንኮ፣ ከኋላው የመድፍ ተኩስ የሚያስተካክል አንድ የባሕር ወለድ ጦር መኮንን ይዞ ይበር ነበር። አንድ የወገን ክፍል ሊጠቃ መሆኑን አይቶ የአየር ድጋፍ ጠየቀ፤ የለም ተባለ። መድፍ ጠየቀ፤ ወገን ለዒላማው በጣም ቅርብ ስለሆነ ይህም ተከለከለ። በገዛ መትረየሱ አራት ጊዜ ሲመላለስበት ጠላት ማፈግፈግ ጀመረ፤ በአምስተኛው ግን ሚሳይል የግራ ሞተሩን መታው።

ቤኔት ጓደኛው ለመዝለል እንዲዘጋጅ ሲነግረው፣ ፓራሹቱ በፍንዳታው መበጣጠሱን ሰማ። የራሱ ፓራሹት ደህና ነበር። በዚያ ዓይነት አውሮፕላን ባሕር ላይ አርፎ የተረፈ አብራሪ እንዳልነበረም ያውቃል። ሆኖም እሳት የያዛትን አውሮፕላን ወደ ቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ይዞ ሄዶ ውኃው ላይ አሳረፋት። አውሮፕላኗ ተገለባብጣ የፊተኛው ክፍል ስለተሰባበረ ቤኔት መውጣት አልቻለም፤ ከኋላ የነበረው መኮንን ግን ወጥቶ በሕይወት ተገኘ።