አስቸኳይ፦ ወረቀቱ ላይ የቢንቢ እንቁላል የለም፤ ውሃው ላይ ጥቀርሻ ብቻ

የባዮሎጂ መምህር (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ለአካባቢው የቢንቢ ጥናት ውሃና ቢንቢ እንቁላል የምትጥልበት ወረቀት ያለባቸው 12 ጥቁር ኩባያዎች አስቀምጠው ነበር። አሁን ስንሰበስብ አንዱም ወረቀት ላይ እንቁላል አጣን። ውሃው ላይ ጥቀርሻ የመሰለ ነገር ተንሳፏል፤ ልጆቹ ቆሻሻ መስሏቸው የሁለቱን ደፉት። ቆጠራውን ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ማስረከብ አለብን። ምን ይሻላል?

የአቃቂው፦ የት ነው ያስቀመጣችሁት? ስንት ቀን ሆነው? ውሃው ምን ዓይነት ነው?

ጠያቂ፦ ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር። 4 ቀን። ሣር የተዘፈዘፈበት ውሃ ነው፤ ሽታው ይከብዳል።

ነፍሳት ወዳድ፦ መጀመሪያ መሠረቱን እንያዝ። ኤዴስ የምትባለው የቢንቢ ዓይነት እንቁላሏን አንድ በአንድ ከውሃው ጠርዝ ከፍ ብላ እርጥብ ቦታ ላይ ትለጥፋለች። አኖፊለስ፣ ማለትም የወባዋ፣ አንድ በአንድ ውሃው ላይ ትጥላለች፤ እንቁላሉ በግራና በቀኝ መንሳፈፊያ አለው። ኪውሌክስ ደግሞ ከ100 እስከ 300 የሚሆኑትን አቁማ አጣብቃ እንደ ታንኳ ታንሳፍፋለች። የኤዴስ እንቁላል ሲጣል ነጭ ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይጠቁራል። ስለዚህ ወረቀት የሚይዘው በዋናነት የኤዴስን ነው።

ሰላም ከገላን፦ ወረቀቱን ቀይሩት። ለስላሳ ወረቀት አይሆንም፤ አቡጀዲ ወይም ሻካራ ካኪ ይሁን፤ ግማሹ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹ ከውሃ በላይ።

የአቃቂው፦ መምህር፣ የቀሩትን 10 ኩባያዎች እባክዎ እንዳይደፉ! ጥቀርሻ ያሉት የኪውሌክስ ታንኳ ሳይሆን አይቀርም። በመርፌ ጫፍ ይንኩት፤ ጥቀርሻ ከሆነ ይበተናል፣ ታንኳ ከሆነ ሙሉዋን ትንሸራተታለች፣ ብትጫኗትም ተመልሳ ትንሳፈፋለች። ከጤፍ ትበልጣለች፣ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች። ታንኳዎቹን በየኩባያው ቆጥራችሁ፣ በቀጭን ብሩሽ አንስታችሁ፣ 24 ሰዓት የተቀመጠ የቧንቧ ውሃ ባለው ክዳን ላይ አድርጉ፤ ክሎሪኑ ይቀንሳል። የኩባያውን ቁጥር ጻፉበት። በ1 ወይም 2 ቀን ይፈለፈላሉ፤ ሌሊቱ ከቀዘቀዘ ይዘገያል። 4 ቀን ስላለፈ የመጀመሪያዎቹ ፈልፍለው ሊሆን ስለሚችል ውሃውን ነጭ ሳህን ላይ ገልብጣችሁ እጭም (ከእንቁላሉ የሚፈለፈለውን ትል መሳይ) ፈልጉ። መተንፈሻ ቱቦውን ወደ ላይ አድርጎ ጭንቅላቱን ቁልቁል ያዘቀዘቀ የኪውሌክስ ሊሆን ይችላል፤ ከውሃው ፊት ጋር ልሙጥ ሆኖ የተኛ የአኖፊለስ ነው። እጩን በ70 ፐርሰንት አልኮል አቆዩት።

ሰላም ከገላን፦ አዎ፣ ግን ወረቀቱም ሻካራ ይሁን።

ዶ/ር ቢንቢ፦ እኔ ከጥያቄው መነሻ ጋር አልስማማም። «እንቁላል አላገኘንም» ማለት ሥራው ተበላሸ ማለት አይደለም። ኮዬ ፈጬ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ ዴንጌና ቺኩንጉንያ የሚባሉትን የትኩሳት በሽታዎች የምታስተላልፈው ኤዴስ የምትወደው ሞቃት ቆላ ነው። ዴንጌ በ2013 እ.ኤ.አ.፣ ቺኩንጉንያ በ2019 እ.ኤ.አ. የተከሰቱት ድሬዳዋ ነው። ቦታውና ቀኑ ከተጻፈበት ዜሮ ራሱ መረጃ ነው። ባዶ ብላችሁ አትሰርዙት፤ የተደፉትን ሁለቱን ግን «ጠፍቷል» ብላችሁ ለዩ፤ ዜሮ ብላችሁ አትሙሉ።

ጠያቂ፦ የተደፉትን ዜሮ ብለን ሞልተን ነበር። አሁን አስተካከልን።

ነፍሳት ወዳድ፦ የሸተተ የሣር ውሃ ኪውሌክስን አጥብቆ ይጠራል። በሚቀጥለው ዙር ግማሾቹን በንጹህ ውሃ ሙሉ፣ ከላይ ለዝናብ ማፍሰሻ ቀዳዳ ብሱ። ወረቀት ላይ እንቁላል ከተገኘ ፀሐይ ላይ አታድርቁት፤ 2 ቀን እርጥብ አቆይታችሁ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይድረቅ፣ አለዚያ ቅርፊቱ ይጨማደዳል።

እናት ጤና፦ ኩባያ ከ7 ቀን በላይ እንዳይቆይ፣ ጎረቤት ላይ ቢንቢ ታፈላላችሁ። ስትጨርሱ ውሃውን ደረቅ መሬት ላይ ድፉ፣ ቱቦ ውስጥ አይሁን፤ ኩባያውን በፈላ ውሃ ዘፍዝፋችሁ ውስጡን በብሩሽ ፈትጉት፣ እንቁላል ግድግዳው ላይ ይጣበቃል።

የአቃቂው፦ መምህር፣ መርፌውን ሞከሩት?